አደይ ከረገፈ በኋላ

ኅዳር 6 ቀን ማለዳ ከጎንደር መሀል ከተማ ተነሥቶ ወደ ደብረ ፀሐይ ቁስቋም ዳገቱን የሚወጣ ሰው ብቻውን አይሄድም። ነጠላ የለበሰ ሕዝብ መንገዱን ሞልቶታል። እቴጌ ምንትዋብ በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ቤተ መንግሥታቸውንና ቤተ ክርስቲያናቸውን የተከሉበት ኮረብታ በዓሉን የሚያከብረው በዚህ ዕለት ነው። ከፈረሰው ግንብ ጥቁር ድንጋይ ሥር ያለው ሣር ደርቆ ወርቅ መስሏል፤ ግንቡን ያስጌጠው ቀላ ያለ ድንጋይ ደግሞ የጧት ፀሐይ ስታርፍበት ይበልጥ ይቀላል። ከአንድ ወር ተኩል በፊት እዚያው የቆመ ሰው ያየው አረንጓዴና ቢጫ ብቻ ነበር።

በቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ያሉት 40 ቀናት ወርኃ ጽጌ ይባላሉ። የእመቤታችንና የልጇ ስደት የሚታሰብበት የአበባ ጊዜ ነው፤ ሊቃውንቱ እሑድ በመጣ ቁጥር ሌሊቱን በማኅሌተ ጽጌ ያሳልፉታል። ቁስቋም ሲብት የአበባው ወር ወጣ ማለት ነው። አደይ ረግፏል፣ የዱባው ሐረግ ጠውልጓል፣ የበቆሎው አገዳ ነጥቷል። ያን ጊዜ ብዙ ቤተሰብ መጥረጊያና ክብሪት ይዞ ይወጣል፤ ግቢው በአንድ ጧት ተመንጥሮ ባዶ አፈር ይቀራል።

ይህ ችኮላ ያሳዝናል። መፀው የሚባለው ወቅት የሚያበቃው ታኅሣሥ 25 ቀን ነውና ቁስቋም በሚከበርበት ዕለት ገና 50 ቀን ይቀረዋል። የጎንደር ግቢ ከፍሬው፣ ከዘሩ፣ ከደረቀ ግንዱና ከሚረግፈው ቅጠል ጋር በደንብ መታየት ያለበት በእነዚህ 50 ቀናት ነው።

ለዚህ ከብሳና የተሻለ ምስክር የለም። በአጥር ጥግ፣ በቤተ ክርስቲያን ቅጥር፣ በእርሻ ዳር ማንም ሳይተክለው የሚበቅል ዛፍ ነው። ጥላውን ሁሉም ይወደዋል፤ ለውበቱ ብሎ የሚተክለው ግን እምብዛም አይገኝም። ዝናቡ ካቆመ በኋላ ከሥሩ ቆሞ ቀና ማለት ነው። ልብ የሚመስለው ሰፊ ቅጠል ከላይ አረንጓዴ፣ ከታች ብርማ ነው፤ ነፋስ ሲያገላብጠው ዛፉ በሞላ ነጣ ይላል። ያረጀው ቅጠል ደግሞ ከመርገፉ በፊት ደማቅ ብርቱካናማ ይሆናል። ሁሉም በአንድ ቀን አይለወጥም። እዚህ አንድ፣ እዚያ ሦስት እያለ በአረንጓዴው መሀል እንደ ጧፍ ይበራል። ከመሬት አንዱን አንሥቶ ወደ ፀሐይ ቢይዙት ብርሃኑ አልፎ ይታያል፤ ጅማቶቹም እንደ እጅ መዳፍ መስመር አንድ በአንድ ይቆጠራሉ።

ቅጠል ቀለሙን የሚለውጥበት ምክንያት አለው። አረንጓዴው ቀለም ክሎሮፊል ይባላል፤ የፀሐይን ብርሃን ይዞ ለተክሉ ምግብ የሚሠራው እርሱ ነው። ቅጠሉ ሲያረጅ ወይም ውሃ ሲያጥር ተክሉ ክሎሮፊሉን አፍርሶ ናይትሮጅኑንና ሌላውንም ጠቃሚ ነገር ወደ ግንዱ ይመልሳል፤ ቤት የሚለቅ ሰው ዕቃውን አስቀድሞ እንደሚያወጣ ማለት ነው። አረንጓዴው ሲሄድ ቀድሞም እዚያው የነበረው ቢጫና ብርቱካናማ ይገለጣል። ቀዩ ቀለም ግን አብዛኛውን ጊዜ በዚያን ሰዓት አዲስ የሚሠራ ነው። በአውሮፓና በጃፓን ይህን ሁሉ የሚያስጀምረው የቀኑ ማጠርና ብርዱ ነው። በጎንደር ግን ዋናው አዛዥ ዝናቡ ነው። ዝናቧ በአብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ይወርድና ይቆማል፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን ረጅም ደረቅ ጊዜ ዛፎቿ የሚያልፉት እየቆጠቡ ነው።

ብሳና ቅጠሉን ሲጥል ዋንዛ ነጭ ይለብሳል። አበባው ስስ ነው፣ ንብ አይለየውም። ሲደርቅም እንደ ወረቀት ሆኖ ቡናማ ቀለም ይዞ ቅርንጫፉ ላይ ይሰነብታል፤ በእጅ ሲነኩት ይንኮሻኮሻል።

ወደ መሬት ዝቅ ሲሉ የሚገኘው ራስ ክምር ደግሞ ስሙን ራሱ ያስረዳል። የፈረስ ዘንግ የሚሉትም አሉ። በአንድ ቀጥ ያለ ግንድ ላይ ክብ ክብ ራሶች ተራርቀው ይደረደራሉ፤ ከእያንዳንዱ ራስ ዙሪያ ብርቱካናማ አበባ እንደ ጠባብ ቱቦ ይወጣል። ቱቦው ለሁሉ አፍ የተሠራ አይደለም። መንቁሯ ረጅምና ጎበጥ ያለ፣ የአበባ ወለላ የምትመጥ ትንሽ ወፍ ግንዱን ይዛ ከራስ ወደ ራስ ትወጣለች። ከእነዚህ ወፎች አንዷን ሳይንስ የሚያውቃት በታካዜ ስም ነው፤ ሰሜንን ከሚያዋስነው ወንዝ ስሟን ይዛ በዓለም የአዕዋፍ መጻሕፍት ሁሉ ሰፍራለች። አበባው ከረገፈ በኋላ ደግሞ ክቡ ራስ ደርቆ እሾሃማ ኳስ ሆኖ ለብዙ ሳምንት ይቆማል። ብዙ ሰው የሚነቅለው ያኔ ነው። ጀንበር ስታዘቀዝቅ ከጥቁር የድንጋይ አጥር ፊት የቆመውን የደረቀ ራስ ክምር አንድ ጊዜ አስተውሎ ያየ ሰው ግን ለመንቀል እጁ አይነሣም።

ዝናብ ሲቆም የሚደምቁ እንግዶችም አሉ። ቡጋንቪላ ከብራዚል፣ ፖይንሴቲያ ከሜክሲኮ የመጡ ናቸው፤ ዛሬ ግን በጎንደር አጥርና በረንዳ ላይ እንደ አገር ልጅ ሆነዋል። በሁለቱም ላይ ሰው አበባ የሚለው ቀዩና ሐምራዊው ነገር በእውነቱ ቅጠል ነው። እውነተኛው አበባ መሀል ላይ ያለው፣ ልብ ካላሉት የማይታየው ትንሹ ነው። ፖይንሴቲያ የሚቀላው ሌሊቱ ሲረዝም ነው። ጎንደር ለምድር ወገብ ቅርብ ብትሆንም በሰኔ የቀኑ ርዝመት 12 ሰዓት ከ50 ደቂቃ ገደማ ሲሆን በታኅሣሥ ወደ 11 ሰዓት ከ20 ይወርዳል። የአንድ ሰዓት ተኩል ልዩነት ነው፤ ሰው ብዙም አያስተውለውም፣ ተክሉ ግን ይቆጥረዋል። ሌሊቱን ሙሉ የመንገድ መብራት የሚያርፍበት ፖይንሴቲያ ጎረቤቱ ቀልቶ እርሱ አረንጓዴ ሆኖ የሚቀረውም በዚሁ ምክንያት ነው። ቡጋንቪላ ደግሞ ውሃ ሲበዛበት ቅጠል እንጂ ቀለም አይሰጥም፤ ትንሽ ሲጠማ ነው የሚደምቀው። ሁለቱንም ሲገርዙ ግን ጥንቃቄ ያሻል፤ የአንዱ ወተት ቆዳ ያሳክካል፣ የሌላው እሾህ ይወጋል።

ጌጡ ግን ከአበባ ጋር ብቻ የተቆራኘ አይደለም። ለጠላ የተተከለው ጌሾ ቅጠሉ ቅቤ እንደተቀባ ያብረቀርቃል፤ ፍሬው መጀመሪያ ቀይ፣ ሲበስል ጥቁር ስለሚሆን በአንድ ቅርንጫፍ ሁለቱም ቀለም ይታያል። በሰሌን ላይ የተሰጣ ዛላ በርበሬ፣ ከግድግዳ ተደግፎ የሚደርቅ ቅል፣ በጣሪያ ላይ የተደረደረ ዱባ፣ ለዘር ተብሎ የተንጠለጠለ የማሽላ ራስ፣ ከጤና አዳሙና ከበሶብላው ሽታ ጋር በአንድ ግቢ ይገናኛሉ። እነዚህን ያዘጋጁት እናቶች ለጓዳቸው ብለው ነው፤ ቀለሙን ግን መንገደኛው ሁሉ ያየዋል።

ሣሩንም ማንሣት ይገባል። መሶብና ሰፌድ የሚሰፉ ሴቶች ከክረምት መውጫ ጀምሮ ስንደዶና አክርማ ይለቅማሉ፣ ያደርቃሉ፣ አክርማውን ቀለም ይነክራሉ። ስንደዶ በግቢ ጥግ ቢተከል ከሰፌዱ በፊት ለዓይን ይጠቅማል፤ ፀጉራም ዛላው በነፋስ እየተነቀነቀ ወደ ነጭና ወደ ወርቅ ይለወጣል። ቦታውን የሚመርጥ ሰው ቡና ከሚጠጣበት በረንዳ በስተምሥራቅ ቢያደርገው የጧት ፀሐይ ከጀርባው ስትወጣ እያንዳንዷ ፀጉር ብርሃን ትይዛለች። ከከተማው ወጣ ብሎ ባለው በወለቃ የሚሠራ የሸክላ ማሰሮ፣ ወይም ከንፈሩ የተሰበረ አሮጌ እንስራ፣ ከዚህ ሣር ጋር ከማናቸውም የፕላስቲክ ማስቀመጫ በተሻለ ይስማማል።

ከጎንደር 100 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ሰሜን ተጉዘው ደባርቅ ሲደርሱ ነገሩ ይለወጣል። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ስትቀመጥ ደባርቅ ከ2,800 ሜትር በላይ ነው። እዚህ የኅዳር ሌሊት ውርጭ አለው። ልስልስ ቅጠል ያለው ተክል በአንድ ሌሊት ጠቁሮ ያድራል፤ ስለዚህ የደገኛው አጥር ጠንካራ ነገር ይወዳል። ከእነርሱ ዋናው ቀጋ ነው። በኢትዮጵያ ስም በሳይንስ የተመዘገበ የራሳችን የዱር ጽጌረዳ ሲሆን፣ አበባው ነጭ፣ ፍሬው ሲበስል ብርቱካናማ ቀይ ይሆናል፤ እረኛም ተማሪም በልቶት ያደገ ፍሬ ነው። ቀይ አበባ ያለው ኮሸሽላም ከኢትዮጵያ በቀር የትም በተፈጥሮ አይበቅልም። ከደባርቅ አልፎ በሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ጅብራ ለብዙ ዓመት ሲያድግ ኖሮ አንድ ጊዜ ብቻ ያብባል፣ ከዚያም ይሞታል፤ የደረቀው ግንድ ግን ከጓሳው መሀል እንደ ምሰሶ ቆሞ ይቀራል። ማንም አይጠርገውም፣ ያለ እርሱም ያ ገደል ምሉዕ አይሆንም።

የዚህ አገር ዕፅዋት የውጭ ሰው ዓይን ውስጥ ከገቡ ቆይተዋል። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1770 ጎንደር ገብቶ በቁስቋም ሲኖር ጣሊያናዊው ረዳቱ ሉዊጂ ባሉጋኒ ዕፅዋትን በውሃ ቀለም ይሥል ነበር። ባሉጋኒ እ.ኤ.አ. በ1771 እዚሁ ጎንደር አረፈ፤ ሥዕሎቹ ዛሬ በአሜሪካ በዬል ዩኒቨርሲቲ ይገኛሉ። ብሩስ ከጻፈላቸው ዛፎች አንዱ ኮሶ ነው። ሁሉም የሚያውቀው በመድኃኒትነቱ ነው፤ የሴቴው ዛፍ ቀላ ያለ የአበባ ዘለላ ግን እንደ ወይን ተንጠልጥሎ ሲታይ ለጌጥ ብቻ ቢተከልም አያሳፍርም።

ወደ መጥረጊያው እንመለስ። ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ ጠርጎ ማጤስ መሠረት ያለው ልማድ ነው። በኅዳር 1911 ዓ.ም. የገባው ወረርሽኝ፣ ዓለም የስፔን ጉንፋን የሚለው፣ ብዙ ሕዝብ ፈጅቷል፤ ኅዳር ሲታጠን የምንለውም ያንን ክፉ ዘመን ያስታውሳል። የበሰበሰ ነገር፣ የታቆረ ውሃ፣ የተከማቸ ቆሻሻ መጽዳቱ ተገቢ ነው። ፕላስቲክ ግን ከእሳቱ መለየት አለበት፤ ጭሱ ለሳንባ መርዝ ነው። የደረቀ ቅጠልና የዘር ራስ ግን ቆሻሻ አይደሉም። ቅጠሉ በችግኝ ሥር አራት ጣት ያህል ውፍረት ኖሮት ቢነጠፍ ፀሐይ አፈሩን አታገኘውም፣ የጠጣው ውሃም ቶሎ አይተንም፤ ቀስ በቀስ በስብሶ ማዳበሪያ ይሆናል። ውሃ በተራ በሚመጣበት ከተማ አንድ ጀሪካን ማትረፍ ትንሽ ነገር አይደለም። ቅጠሉን ከግንዱ ጋር ማጣበቅ ግን አይገባም፤ ቅርፊቱን ያበሰብሳል። የባሕር ዛፍ ቅጠልም ለዚህ አይሆንም፤ ሌላውን ተክል ያቀጭጫል።

ኔዘርላንዳዊው የአትክልት ንድፍ ባለሙያ ፒት አውዶልፍ በዓለም ስም ያወጣው በዚሁ ሐሳብ ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 በኒው ዮርክ በአሮጌ የባቡር ድልድይ ላይ የተከፈተውን የሃይ ላይን ፓርክ ተክሎች የመረጠው እርሱ ሲሆን፣ ሣሩና የዘር ራሱ ደርቆ የብርዱን ወራት ቆሞ እንዲያልፍ አድርጎ ነው የተከላቸው። ሕዝቡ ያንን ለማየት ይጎርፋል።

ሁሉም ይተው ማለት ግን አይደለም። ጭጎጎት ከአደይ ጋር ዘመድ ቢሆንም ዘሩ ከልብስና ከበግ ፀጉር ጋር ተጣብቆ ስለሚዛመት ሳይደርቅ መነቀል አለበት። የወፍ ቆሎ የሚባለውም ቀለሙ ቢያምር ወራሪ ነው፤ የበቀለበት ሰው ወደ ጎረቤት ሳይሻገር ያጥፋው። ከማድ ቤትና ከእንጨት ቤት ግድግዳ አጠገብም የደረቀ ነገር መከማቸት የለበትም፤ እሳት አለ፣ አይጥ አለ። የታመመ ተክል ደግሞ ከነሥሩ ወጥቶ ይቃጠል።

እንግዲህ ዘንድሮ ኅዳር 12 መጥረጊያውን ያነሣ ሰው ከግቢው አንዲቱን ጥግ ይተዋት። ራስ ክምሩና ስንደዶው እስከ ጥምቀት ይቁሙ፤ አደዩም ዘሩን እዚያው መሬቱ ላይ ያፍስስ። ያልተጠረገው ዘር ክረምቱን ጠጥቶ ለመጪው መስከረም ያለ ተካይ ይበቅላል።