ሙሉ ቀለም ስንት ገባ?

አዲስ አበባ ውስጥ አንድን አሮጌ መኪና ሙሉ ቀለም ለማስቀባት የሚወጣው ገንዘብ በየትኛውም ዘመን ቁርጥ ያለ ተመን ኖሮት አያውቅም። እንደ ጋራዡ፣ እንደ ዝገቱ፣ እንደ ቀለሙ ዓይነትና እንደ ባለቤቱ የመከራከር ችሎታ ይለያያል። የረጅም ጊዜ አካሄዱን መከታተል ግን አይከብድም፤ ዋጋውን የሚወስኑት ሦስት ነገሮች አልተለወጡምና። እነሱም ከውጭ የሚገባው ዕቃ፣ የእጅ ዋጋና መኪናው ራሱ ገበያ ላይ የሚያወጣው ገንዘብ ናቸው። የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ሁሉም ያነሳቸዋል። ሦስተኛው ብዙ አይነሳም፤ ያለፉትን ሠላሳ ዓመታት ታሪክ የሠራው ግን በአብዛኛው እሱ ነው።

ለማነጻጸር እንዲመች በውጭ ገበያ 100 ዶላር የሚያወጣ የቀለም ዕቃ እንውሰድ፤ ቀለም፣ ክሊር፣ ሀርድነር፣ ቲነርና ስቱኮ ይኖሩበታል። ቀረጥን፣ ማጓጓዣንና የነጋዴን ትርፍ ለጊዜው እንተዋቸው። ይህ ዕቃ በደርግ ዘመን በመንግሥት ምንዛሬ 207 ብር ነበር፤ ዶላሩ ለረጅም ዓመታት በ2 ብር ከ07 ሳንቲም ተተክሎ ስለነበር። አኃዙ ዛሬ ሲታይ ያስቃል። ሆኖም ዝቅተኛው የመንግሥት ሠራተኛ ደመወዝ 50 ብር በነበረበት ዘመን 207 ብር የአራት ወር ደመወዝ መሆኑን ማስታወስ ይገባል። ዶላሩም በወረቀት ላይ ረከሰ እንጂ ለፈለገው ሁሉ አይገኝም ነበር።

በዚያን ጊዜ የከተማው መንገድ የቮልስ፣ የፊያት፣ የፔጆና የላዳ ነበር። ቀለማቸው በአብዛኛው ነጠላ ነው፤ ነጭ፣ ክሬም፣ ሰማያዊ፣ ቀይ። ብልጭልጭ የለውም፣ ከላይ የሚደረብ ክሊርም የለውም። ቀለም ቀቢው የተቀበለውን ቆርቆሮ አቅጥኖ ይረጨዋል፣ ፀሐይ ላይ ያደርቀዋል፣ ቀለሙ ሲደበዝዝ በፖሊሽ ያነሳዋል። አንድ በር ቢጎዳ በሩን ብቻ መቀባት ይቻል ነበር፤ ነጠላ ቀለም ከጎረቤቱ ጋር ለመመሳሰል አያስቸግርም። መኪናውን የሚያስቀባው ሰውም ለሽያጭ ብሎ አልነበረም። የሚተካው ስለሌለ ቆርቆሮውን ዝገት እንዳይበላው ነው። ቀለም ጥገና ነበር፤ ከፍሬን ሸራና ከዘይት ጋር በአንድ መዝገብ የሚቀመጥ ወጪ።

የመጀመሪያው መታጠፊያ በመስከረም 1985 ዓ.ም. መጣ። ብር ከ2 ብር ከ07 ወደ 5 ብር ሲወርድ የ100 ዶላሩ ዕቃ በአንድ ጊዜ 500 ብር ሆነ። በ1990ዎቹ መጨረሻ ምንዛሬው 8 ብር ከግማሽ አካባቢ ስለደረሰ ዕቃው ከ850 ብር ብዙም አልራቀም። በእነዚያ ዓመታት የማስቀቢያ ዋጋው የጨመረው ግን በምንዛሬው ብቻ አይደለም፤ እንዲያውም ምንዛሬው ቀስ ብሎ ነው የሄደው። ለውጡ ከራሱ ከቀለሙ ዓይነት መጣ።

ገበያው ሲከፈት ያገለገሉ የጃፓን መኪኖች፣ በተለይ ቶዮታ፣ በብዛት መግባት ጀመሩ። አብዛኞቹ ሜታሊክ ቀለም የለበሱ ናቸው። ሜታሊክ ሁለት ድርብ ነው፤ ከሥር ደቃቅ የአሉሚኒየም ብናኝ ያለበት ቀለም፣ ከላይ በሀርድነር የሚቀየጥ ግልጽ ክሊር። ብናኙ የሚተኛበት አቅጣጫ ቀለሙን ስለሚለውጥ፣ የመርጫው ርቀትና የኮምፕረሰሩ ግፊት ትንሽ ከተዛቡ የተቀባው በር ጥላ ሥር ሌላ፣ ፀሐይ ላይ ሌላ ሆኖ ይታያል። ስለዚህ በር ብቻ ይቀባልኝ ያለ ደንበኛ ፓራፋንጎውንም ጨምሮ እንዲያስቀባ ይመከራል፤ ቀስ በቀስም ወደ ሙሉ ቀለም ይገፋል። የሥራው ደረጃዎች ጨመሩ፣ የሚገዛው ዕቃ በዓይነት በዛ፣ ስህተት የሚያስከፍለው ገንዘብም እንደዚሁ። በ1995 ዓ.ም. 15 በመቶ የተጨማሪ እሴት ታክስ ሲጀመር ደግሞ ደረሰኝ የሚሰጠው ጋራዥና በየመንደሩ የሚሠራው ባለሙያ በዋጋ ይበልጥ ተራራቁ። ይህ ክፍተት እስካሁን አልጠበበም።

ሁለተኛው መታጠፊያ ከ2002 እስከ 2010 ዓ.ም. ያለው ዘመን ነው። በነሐሴ 2002 ዶላሩ ከ13 ብር ከ60 አካባቢ ወደ 16 ብር ከ35 ከፍ ሲል ዕቃችን 1,635 ብር ገባ፤ በጥቅምት 2010 በተደረገው የ15 በመቶ የብር ቅነሳ ደግሞ ወደ 2,700 ብር ተጠጋ። አኃዙን ብቻ ያየ ሰው ሰባት ዓመት የወሰደ ለዘብ ያለ ጭማሪ ነው ይላል። በገበያው ውስጥ የሆነው ግን ከዚህ ይበልጣል፤ ቀለም ከጥገና ወጪነት ወደ ንግድ ጉዳይነት የተሻገረው ያን ጊዜ ነው።

መኪና በየዓመቱ እያረጀ ዋጋው የሚጨምርበት አገር ብዙ አይደለም። የእኛው አንዱ ነው። በቀረጡ፣ በኤክሳይሱና በዶላር እጥረቱ የተነሳ አንድ ቪትዝ ወይም ኮሮላ የገዛ ሰው ከአምስት ዓመት በኋላ በገዛበት ወይም ከዚያ በላይ መሸጡ የተለመደ ሆነ። መኪና ሀብት ሲሆን የቀለሙ ሁኔታም የዋጋ መደራደሪያ ይሆናል። ደላላው ከሞተሩ ቀድሞ «ዱኮ ያልነካው ነው»፣ ማለትም ዳግም አልተቀባም፣ ማለት የጀመረው ለዚህ ነው። ገዢውም ዘዴውን ተማረ። የበሩን ጎማ ገለጥ አድርጎ ከሥሩ የቀለም ጠርዝ መኖሩን ያያል፤ በጣቱ አንኳኩቶ ድምፁ የደነቆረበትን ቦታ ስቱኮ አለበት ብሎ ይመዘግባል፤ የኮፈኑ ብሎኖች ቀለም ተላጦባቸው ከሆነ ተፈትቷል ይላል። ነጭ ሆኖ ለሽያጭ የቀረበ ሚኒባስ ከጎማው ሥር ሰማያዊ ብቅ ካለ ደግሞ ታክሲ እንደነበረ ሻጩ ባይናገርም መኪናው ይናገራል።

ከዚህ እርስ በርሱ የሚጋጭ ውጤት ተገኘ። ብዙም ባላረጀ መኪና ላይ አዲስ ቀለም ዋጋ ይቀንሳል፤ ግጭት ደብቋል ተብሎ ይጠረጠራልና። በእውነት ባረጀው ላይ ግን ዋጋ ይጨምራል፤ የሃያና የሠላሳ ዓመት ቶዮታ ዲኤክስ የፋብሪካ ቀለሙን ይዞ እንዲቀርብ የሚጠብቅ ማንም የለም። ስለዚህ የአሮጌ መኪና ባለቤት የሚያሰላው «ስንት አወጣ?» ብሎ ሳይሆን «ስንት ይጨምርልኛል?» ብሎ ሆነ። ቀቢውም ይህን ያውቃል። ለሽያጭ የሚቀባና ለባለቤቱ የሚቀባ ሥራ እንደሚለያዩ ማንኛውም ጋራዥ ውስጥ ጠይቆ መረዳት ይቻላል። ለሽያጭ የሚሠራው ዝገቱን አይፍቅም፣ በስቱኮ ሸፍኖ ያልፈዋል፤ ክረምት ሲገባ እብጠቱ ይመለሳል፣ መኪናው ግን ያን ጊዜ የሌላ ሰው ነው። በእኔ ግምት በእነዚያ ዓመታት የረከሰ የሚመስለው ቀለም ሁሉ በእርግጥ አልረከሰም፤ ከፊሉ ዋጋ ወደ ገዢው ተላለፈ እንጂ።

እዚህ ላይ አሜሪካን ማየት ነገሩን ያጠራዋል። በሎስ አንጀለስ እ.ኤ.አ. በ1937 የተጀመረው የኧርል ሻይብ የቀለም ድርጅት ማንኛውንም መኪና በማንኛውም ቀለም በ29 ዶላር ከ95 ሳንቲም እቀባለሁ በሚል ማስታወቂያ በመላ አገሪቱ ታወቀ። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ አጋማሽ የነበረው ያ ገንዘብ በዛሬው የመግዛት አቅም 300 ዶላር ያህል ነው። ከጊዜ በኋላ ዋጋው 99 ዶላር ከ95 ደረሰ፤ ድርጅቱም እ.ኤ.አ. በ2010 ተዘጋ። ዛሬ እዚያ ደህና ሙሉ ቀለም በሺዎች ዶላር ይቆጠራል። የሚያስወድደው የሠራተኛው ሰዓት፣ የቀለም ቤቱ መሣሪያና ከቲነር የሚተነውን ጋዝ ለመቀነስ የወጡት የአየር ጥራት ሕጎች ናቸው። የአሜሪካ አሮጌ መኪና ግን በየዓመቱ ይረክሳል፤ ባለቤቱ ቀለሙ ከመኪናው ሲበልጥበት ይተወዋል። ዋሽንግተን አካባቢ የሚኖር የአገራችን ሰው የ15 ዓመት ካምሪውን ቀለሙ ተላጦ ሳለ የሚነዳው፣ አዲስ አበባ ያለው ወንድሙ ደግሞ ያንኑ መኪና ወስዶ የሚያስቀባው በስንፍናና በትጋት ልዩነት አይደለም። ሂሳቡ ነው የተገለበጠው።

ሦስተኛው መታጠፊያ አንድ ቀን የለውም፤ በአራት ዓመት ውስጥ ተደራርበው የመጡ ውሳኔዎች ውጤት ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1186 በቆዩ ተሽከርካሪዎች ላይ ከመኪናው ዋጋ ብዙ እጥፍ የሚደርስ ኤክሳይስ ታክስ ጣለ። በጥቅምት 2015 መንግሥት የውጭ ምንዛሬ እንዳይፈቀድላቸው ካገዳቸው 38 ዓይነት ዕቃዎች ውስጥ አውቶሞቢል ገባበት። በጥር 2016 በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉ ተነገረ። ሦስቱም አንድ ቦታ ያርፋሉ፤ አገር ውስጥ ያለው የቤንዚን መኪና ተተኪው ይሳሳል፣ ዕድሜው ይረዝማል። ዕድሜው የረዘመ መኪና ደግሞ ቀለም ቤት በር ላይ ሁለተኛና ሦስተኛ ጊዜ ይቆማል።

በዚህ ላይ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሬ ተመኑ ለገበያ ተለቀቀ። ዶላር ከ57 ብር ተነስቶ በመጀመሪያው ቀን 74 ብር አለፈ፤ ዓመት ሳይሞላ ከ130 ብር በላይ ደረሰ። የ100 ዶላሩ ዕቃችን ከ5,700 ወደ 13,000 ብር ተሻገረ ማለት ነው። ከጥቅምት 2010 ጋር ሲነጻጸር በስምንት ዓመት ውስጥ አምስት እጥፍ ሊሞላ ጥቂት ቀረው፤ ከደርግ ዘመኑ 207 ብር ጋር ሲነጻጸር ደግሞ ከ60 እጥፍ በላይ ሆነ።

ሆኖም የመደብሩ ዋጋ በዚያው ልክ በአንድ ሌሊት ዘለለ ብሎ መደምደም ስህተት ነው። ከመለቀቁ በፊት የጥቁር ገበያው ዶላር ከባንኩ እጥፍ አካባቢ ነበር፤ ከባንክ ዶላር ያላገኘ የቀለም ነጋዴም አስቀድሞ በዚያ ሂሳብ ነበር የሚሸጠው። ትክክለኛው ውድነት በ2014 እና በ2015፣ የዋጋ ግሽበቱ ከ30 በመቶ በላይ በሆነበት ወቅት፣ በዝምታ ገብቶ ነበር። የ2016ቱ ውሳኔ ለብዙዎቹ ዕቃዎች የተደበቀውን ዋጋ በይፋ ያወጣ ነው፤ ጭማሪው የቀጠለው ብር ከዚያም በኋላ መውረዱን ስላላቆመ ነው።

ይህ የዋጋ ሩጫ የውሉን ዓይነት ለውጦታል። ቀድሞ ባለጋራዡ «ከነዕቃው» ብሎ በቁርጥ ይነጋገር ነበር፤ ባለቤቱ መኪናውን ሰጥቶ ይሄዳል። ሥራው ሦስት ሳምንት በሚፈጅበትና ክሊሩ በየሳምንቱ በሚወደድበት ጊዜ ቁርጥ ዋጋ ለቀቢው ኪሳራ ነው። ስለዚህ የእጅ ዋጋ ብቻ ተነጋግሮ ዕቃውን ባለቤቱ ራሱ እንዲገዛ ማድረግ ይበልጥ ተመረጠ። ባለቤቱም ስለ ቀለም ማወቅ ግድ ሆነበት፤ የብርጭቆ ወረቀቱን ቁጥር፣ ሀርድነሩ ከክሊሩ ጋር በስንት ለስንት እንደሚቀየጥ፣ የትኛው ቲነር ለሙቀት የትኛው ለብርድ እንደሆነ። በርካሽ ቲነር የተቀጠነ ክሊር በክረምቱ እርጥበት ወተት መስሎ ሲቀር ጥፋቱ የማን ነው የሚለው ጭቅጭቅም አብሮ መጣ።

የእጅ ዋጋውስ? በብር ሲቆጠር ጨምሯል፤ ከጠቅላላው ወጪ ያለው ድርሻ ግን ከዕቃው ጋር ሲተያይ የተሸነፈ ይመስለኛል። ባትላሜራውና ቀቢው ድርድር የሚካሄድባቸው ብቸኛ ሰዎች ናቸውና፤ የሀርድነር ዋጋ ላይ ማንም አይከራከርም። አንድ ቤት መኪና በወጉ ለማዘጋጀት፣ ማለትም ቀለሙን ለመላጥ፣ ጎርባጣውን ለመቀጥቀጥ፣ ስቱኮ ለመቀባትና ከ80 ቁጥር ጀምሮ እስከ 800 በየደረጃው ለመፋቅ፣ ከመርጨቱ ብዙ እጥፍ ሰዓት ይፈልጋል። የዋጋ ቅናሽ የሚጠይቅ ደንበኛ ሳያውቀው የሚያስቀንሰው ይህንኑ ሰዓት ነው። ከቢሉ ውጭ የሚቀር ሌላም ዋጋ አለ፤ ሀርድነሩ ውስጥ ያለው አይሶሳይኔት ለሳንባ አደገኛ ሆኖ ሳለ በብዙ ጋራዦች ቀቢው አፍንጫውን በሻሽ ሸፍኖ ነው የሚረጨው። ጭምብሉ ወጪ ቢባል ኖሮ የዛሬው ዋጋ ራሱ ዝቅተኛ ነው ማለት ይቻል ነበር።

በፎርኖ የሚቀቡት ቤቶች ሌላ ገበያ ናቸው። 60 ዲግሪ አካባቢ ለግማሽ ሰዓት የሚጋገር ክሊር አቧራ አይዝም፣ ቶሎም ይጠነክራል። ነገር ግን መብራት ሲቋረጥ ጄኔሬተር፣ ጄኔሬተር ሲነሳ ነዳጅ ስለሚከተል ዋጋቸው ከሜዳው ቀቢ ጋር አይገናኝም። ደንበኞቻቸው በአብዛኛው ሙሉ ኢንሹራንስ የገቡ መኪኖች ናቸው። ሕጉ የሚያስገድደው የሦስተኛ ወገን መድን የራስን ቆርቆሮ ስለማያስጠግን የአሮጌ መኪና ባለቤት ከኪሱ ነው የሚከፍለው፤ ከኪሱ የሚከፍል ሰው ደግሞ ወደ ሜዳው ያመራል።

አሁን ወደ ከተማው የገቡት የኤሌክትሪክ መኪኖች ይህን መስመር ገና አልነኩትም፤ አዲስ ናቸው፣ ቀለማቸውም የፋብሪካው ነው። ይሁንና ዛሬ በፋሽን ካሉት ነጮች ብዙዎቹ ሦስት ድርብ ናቸው፤ ነጭ መደብ፣ የዕንቁ ብልጭታ ያለው መካከለኛ፣ ከላይ ክሊር። አንዱን በር ከሌላው ጋር ማመሳሰል ከሜታሊክ ይከብዳል፣ የሚፈጀው ዕቃም በአንድ ድርብ ይበልጣል። እነዚህ መኪኖች አሥር ዓመት ሞልቷቸው ቀለም ቤት ሲደርሱ የዲኤክስና የቪትዝ ሂሳብ አይሠራላቸውም፤ ባትሪው ከቆርቆሮው ቀድሞ ካረጀ የመኪናው ዋጋ ምን ያህል እንደሚቆይ ገበያው ገና አልወሰነም፤ ቀለሙም የሚከፈለው በዚያ ዋጋ ልክ ነው።