መኪናው ጉልበተኛ ነው፤ ጎማውስ? ጣርማ በርን ለሚወርድ ሰው የጎማ አመራረጥ

ከደብረ ብርሃን ወደ ደብረ ሲና በክረምት የወረደ ሰው ያውቀዋል። ጣርማ በር ላይ ከፍታው ከ3 ሺህ ሜትር በላይ ነው። በጣሊያን ወረራ ጊዜ የተቆፈረውን ዋሻ አልፋችሁ ብቅ ስትሉ ጉሙ መንገዱን ውጦት ይጠብቃችኋል። ከዚያ በኋላ ቁልቁለት ነው። ሸዋ ሮቢት 1 ሺህ 300 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች፣ 50 ኪሎ ሜትር በማይሞላ መንገድ ከ1 ሺህ 700 ሜትር በላይ ትወርዳላችሁ። በዚህ ሁሉ ጊዜ መኪናውን ከአስፋልቱ ጋር የሚያገናኙት አራት ጎማዎች ብቻ ናቸው፤ እያንዳንዱ ጎማ መሬት የሚነካው ደግሞ የአንድ ሰው መዳፍ በሚያክል ቦታ ነው።

ድሮ ጉልበተኛ መኪና የጥቂት ሰው ነበር። በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ ግን ነገሩ ተቀይሯል። የኤሌክትሪክ መኪና ነዳጁን ስትረግጡት ሙሉ ጉልበቱን ወዲያው ይሰጣል። ባትሪውም ከባድ ነው፤ በየመንገዱ የምናየው ቮልስዋገን አይዲ 4 ባዶውን ከ2 ሺህ ኪሎ ግራም በላይ ይመዝናል። ጉልበትና ክብደት ሲደመር ጎማ ቶሎ ያልቃል፤ ቁልቁለት ላይ ደግሞ ሸክሙ ይበዛበታል።

ታዲያ ጎማ ስትገዙ ምን ታያላችሁ?

1. ከፍጥነቱ በፊት ክብደቱን

ጎማው ጎን ላይ ለምሳሌ "225/45 አር 17 94 ደብልዩ" የሚል ታገኛላችሁ። 225 የጎማው ስፋት በሚሊ ሜትር ነው። 45 የጎኑ ቁመት ከስፋቱ አንጻር በመቶኛ ሲሆን፣ 17 የቸርኬው ልክ በኢንች ነው። 94 የሚለው የክብደት ቁጥር ነው፤ አንዱ ጎማ እስከ 670 ኪሎ ግራም ይችላል ማለት ነው። 100 ከሆነ 800፣ 105 ከሆነ 925 ኪሎ ግራም ይሸከማል።

መጨረሻ ላይ ያለው ፊደል የፍጥነት ነው። ቲ እስከ 190፣ ኤች እስከ 210፣ ቪ እስከ 240፣ ደብልዩ እስከ 270 ኪሎ ሜትር በሰዓት። ብዙ ሰው "ደብልዩ ነው" ሲባል ይገዛል። ግን በአዲስ–አዳማ የፍጥነት መንገድ እንኳ የሚፈቀደው ከፍተኛው 120 ነው! በሹፌሩ በር በኩል ከተለጠፈው ወረቀት ላይ ያለው ፊደልም ሆነ የክብደት ቁጥር አይነስ እንጂ ከዚያ በላይ ለፍጥነት ብቻ መክፈል ትርፉ ትንሽ ነው። የክብደት ቁጥሩ ያነሰ ጎማ ግን ስድስት ሰውና ዕቃ ጭኖ ቁልቁለት ላይ ሲሞቅ ሊፈነዳ ይችላል።

2. ለብርዱም ለሙቀቱም የሚሆን

ለፍጥነት ተብሎ የሚሠራው "የበጋ" ጎማ በሞቀ አስፋልት ላይ ግሩም ነው። ሙቀቱ ከ7 ዲግሪ ሲወርድ ግን ላስቲኩ እየደረቀ መያዝ ይቀንሳል። በኅዳርና በታኅሣሥ የደብረ ብርሃንን ውርጭ ለሚያውቅ፣ ንጋት 11 ሰዓት ላይ ተነስቶ ለሚወጣ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ለበረዶ አገር የተሠራው ጎማ ደግሞ ሸዋ ሮቢት ሙቀት ላይ ሲደርስ ይለሰልሳል፣ ቶሎም ይበላል። ደጋና ቆላውን በአንድ ቀን ለሚያቋርጥ ሰው የሚስማማው ለሁሉም ወቅት የተሠራ፣ እርጥብ መንገድ ላይ በደንብ የሚይዝ ጎማ ነው።

3. ቀጭን ጎን ያምራል፣ ግን…

የጎኑ ቁጥር 40 ወይም 45 የሆነ ጎማ መሪውን ቶሎ ይታዘዛል፣ መኪናውንም ያሳምረዋል። ወደ አንኮበር ስትሄዱ ጉድጓድ ወይም ድንጋይ ቢመታው ግን ምቱ በቀጥታ ቸርኬው ላይ ያርፋል። ጎኑ ካበጠ ደግሞ ጎሚስታ አያድነውም፤ መጣል ነው። የፋብሪካውን ልክ ትቶ ወደ ትልቅ ቸርኬ መቀየር ለእኛ መንገድ አይመከርም።

4. ዕድሜው፦ እዚህ ጋ ብዙ ሰው ይሸወዳል

ጎኑ ላይ ዲ.ኦ.ቲ ከሚለው ጽሑፍ ጫፍ አራት ቁጥሮች አሉ። 2316 ቢል በ23ኛው ሳምንት፣ በ2016 ተመርቷል ማለት ነው። ይህ 2016 ግን የፈረንጅ ነው! በእኛ 2008 ዓ.ም. መሆኑ ነው። "የ16 ነው፣ አዲስ ነው" ብሎ የሚሸጥላችሁ ሰው ካለ ቆም ብላችሁ ቁጠሩ። በርካታ አምራቾች ጎማ ከ5 ዓመት በኋላ በየዓመቱ እንዲመረመር፣ ጥርሱ ባያልቅም ከ10 ዓመት እንዳያልፍ ይመክራሉ።

5. ሁለት ብቻ ከገዛችሁ ከኋላ

አራቱን መግዛት አቅም ካልፈቀደ፣ ልኩ አንድ እስከሆነ ድረስ አዲሶቹን ከኋላ አስገቡ። የፊቱ ከተንሸራተተ ፍጥነት ቀንሶ መመለስ ይቻላል፤ ኩርባ ላይ የኋላው ከሸሸ ግን መኪናው ይዞራል። አንዳንድ አይዲ 4 ላይ የፊቱ 235፣ የኋላው 255 ስለሆነ ፊትና ኋላ ማለዋወጥ አይቻልም፤ ከመግዛታችሁ በፊት አራቱንም አንብቡ።

6. ነፋሱን በጠዋት ለኩ

የጎማ ነፋስ የሚለካው መኪናው ሳይንቀሳቀስ፣ ጎማው ሲቀዘቅዝ ነው። ቁልቁለቱን ወርዳችሁ ሸዋ ሮቢት ላይ ስትለኩ ብዙ ጊዜ ጨምሮ ታገኙታላችሁ። አታስተንፍሱት! በሙቀቱ ነው። እዚያ ካስተነፈሳችሁት ማታ ደብረ ብርሃን ብርድ ውስጥ ስትገቡ ጎማው የጎደለ ይሆናል። የጎደለ ጎማ ደግሞ ይሞቃል፣ ጠርዙ ይበላል፣ ውሃ ላይም ይንሸራተታል።

ጥርሱን በተመለከተ፣ በጥርሶቹ መካከል ያለችው ትንሽ ጉብታ 1.6 ሚሊ ሜትር ላይ ናት። ጥርሱ ከእሷ እኩል ከሆነ ጎማው አልቋል። ለጣርማ በር ክረምት ግን እዚያ ድረስ አትጠብቁ፤ 3 ሚሊ ሜትር ላይ መቀየር ይሻላል፤ ጥርሱ ካጠረ ውሃውን ማስወጣት ያቅተዋልና።

ጥሩ ጎማ ማለት ፈጥኖ የሚሄድ ብቻ አይደለም፤ በጉም ውስጥ ፍሬን ስትይዙ የሚቆም ነው። ፊታችሁ የጫነ ሲኖትራክ ሲገጥማችሁ ትርጉሙ ይገባችኋል።

ይህን መንገድ ለሚመላለስ ወዳጃችሁ አጋሩት። መልካም መንገድ!