ዳፍንትና የዓይናችን ጽጌረዳ

ልጅዎ ቀን ደህና ሲጫወት ይውልና ሲመሽ ዕቃ እየመታ ይደናቀፋል? ዳፍንት ሊሆን ይችላል። ምክንያቱ «ሮዶፕሲን» ከሚባል የዓይን ፕሮቲን ጋር የተያያዘ ነው። «ሮዶን» በግሪክኛ ጽጌረዳ፣ «ኦፕሲስ» ደግሞ ማየት ማለት ነው። ስሙ እንዲሁ ለማማር የወጣ አይደለም፤ ጀርመናዊው ተመራማሪ ፍራንዝ ቦል እ.ኤ.አ. በ1876 የእንቁራሪት ዓይን ውስጠኛ ሽፋን በጨለማ ሲቆይ ቀይ፣ ብርሃን ሲያገኘው ግን ገርጥቶ አየው። ያ ቀለም ይኸው ፕሮቲን ነው።

የገረጣው ተመልሶ እንዲቀላ ቫይታሚን ኤ ያስፈልጋል። ሲያንስ ቀድሞ የሚደክመው የምሽት እይታ ነው፤ ችላ ከተባለ የዓይን የፊት ሽፋን ደርቆ ይቆስላል፣ ዓይን እስከማጥፋትም ይደርሳል። ስለዚህ ምልክቱን ካዩ ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ጤና ጣቢያ ይሂዱ። ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት ያሉ ሕፃናት በየ6 ወሩ የሚሰጠው የቫይታሚን ኤ ጠብታ እንዳያመልጣቸው። ከማዕድዎ እንቁላል፣ ወተት፣ ካሮትና ጎመን አይጥፉ፤ ጎመኑ ዘይት ጠብ ቢልበት ሰውነት ቫይታሚኑን በደንብ ይወስደዋል። ነፍሰ ጡር ከሆኑ ግን ያለ ሐኪም ትእዛዝ የቫይታሚን ኤ እንክብል አይውሰዱ፤ ሲበዛ ፅንስን ይጎዳል።