ጨረቃ ላይ ያለው ዓሣ አጥማጅ

ጨለማ ውሃ፣ በላዩም የሌሊቱ ሰማይ። መንጠቆ ይወርድና ውሃውን ሲነካው ክብ ክብ ሞገድ ይነሳል። ካሜራው ወደ ላይ ሲያቀና ደመናው መሐል፣ ግማሽ ጨረቃ ላይ ተደላድሎ የሚያጠምድ ልጅ ይታያል። የድሪምወርክስ መለያ ነው።

ስቲቨን ስፒልበርግ፣ ጄፍሪ ካትዘንበርግና ዴቪድ ጌፈን ኩባንያውን ያቋቋሙት እ.ኤ.አ. በ1994 ነው። ስፒልበርግ ያሰበው ግን ልጅ አልነበረም፤ በኮምፒውተር የተሠራ፣ ጨረቃ ላይ ሆኖ የሚያጠምድ ትልቅ ሰው ነበር። የልዩ ምስሎች ባለሙያው ዴኒስ ሙረን «በእጅ ቢሳል ይሻላል» ብሎ ሠዓሊውን ሮበርት ሀንትን አመጣ። ሀንት የታዘዘውን ሣለ፤ ከዚያ ማንም ሳይጠይቀው አንድ ሌላ ጨመረ፦ በሰውየው ቦታ የገዛ ልጁን አስቀመጠ። የተመረጠውም ይኸው ያልታዘዘው ሆነ። ሙዚቃውን ጆን ዊሊያምስ ደረሰለት።

የኩባንያው መነሻ ገንዘብ ግን በከፊል ከሴኡል ነው የመጣው። መጀመሪያ ሳምሰንግ ለመግባት ሞክሮ ነበር፤ ስፒልበርግ በኋላ እንዳወራው፣ በውይይቱ ላይ ስለ ሰሚኮንዳክተር (ቺፕ) ሃያ ጊዜ ያህል ተወራ፤ ስለ ፊልም ግን እምብዛም። ድርድሩ ፈረሰ። በ1995 የሳምሰንግ መሥራች የልጅ ልጅ የሆነችው ሚኪ ሊ መጣች። እሷ የወከለችው፣ ከ1953 ጀምሮ በስኳር ማጣራት የሚታወቀው ቼል ጄዳንግ 300 ሚሊዮን ዶላር አወጣና ከጃፓን በቀር በእስያ ፊልሞቹን የማከፋፈል መብት ያዘ። ስኳር ነጋዴው ከቺፕ ነጋዴው የተሻለ የፊልም ጆሮ ነበረው ማለት ነው! ያ ድርጅት ዛሬ ሲጄ ይባላል፤ ከ«ፓራሳይት» ፊልም ጀርባ ያለውም እሱ ነው።

የመለያው ልጅ መጀመሪያ የታየው በ1997፣ በ«ዘ ፒስሜከር» ፊልም ነው። የአኒሜሽን ክፍሉ በ2004 ራሱን ችሎ ሲወጣ የመለያው መልክም ለሁለት ተከፈለ። ሰው በሚተውንባቸው ፊልሞች ላይ የሌሊቱ ድባብና የዊሊያምስ ዜማ ባሉበት ቆዩ፤ በአኒሜሽኑ ላይ ደግሞ ሰማዩ ፈካ፣ ፊደሎቹ ቀለም ለበሱ፣ ሙዚቃውም ከ«ሽሬክ» ፊልም ተወሰደ። በአንዱ ቅጂ ልጁ በፊኛዎች ተንጠልጥሎ ይወጣል። ከዚያ ወዲህ መለያው መጫወቻ ሆነ፤ በ2010ው «ሀው ቱ ትሬን ዩር ድራገን» መክፈቻ ላይ የፊልሙ ዘንዶ በልጁ አጠገብ ይበራል።

የአኒሜሽን ኩባንያው በ2016 በ3.8 ቢሊዮን ዶላር ወደ ዩኒቨርሳል ባለቤቶች ከዞረ በኋላ፣ በ2022 «ፑስ ኢን ቡትስ፦ ዘ ላስት ዊሽ» ሌላ መክፈቻ ይዞ መጣ። አሁን ልጁ ቁጭ ብሎ አይጠብቅም፤ ጨረቃውን እየነዳ በኩባንያው ገጸ ባሕርያት፣ በሽሬክ፣ በፓንዳው ፖና በትሮሎቹ መሐል ያልፋል።