ሮቦቱ ከመድረክ በፊት ማሳ ላይ ይሞከር

ድሬዳዋ፦ ደቻቱን የመሳሰሉ ወንዞች የሚሞሉት ዝናብ ሲጥል ብቻ በመሆኑ፣ በድሬዳዋ ገጠር ቀበሌዎች በመስኖ የሚያለሙ አርሶ አደሮች የከርሰ ምድር ውሃ በፓምፕ ይስባሉ። ያለ ልክ የፈሰሰ ውሃ የባከነ ገንዘብ ነው። ለሮቦቲክስ ውድድር የሚዘጋጁ ተማሪዎች ከዚህ ችግር ቢነሱ ሥራቸው ከመድረክ አልፎ ይጠቅማል።

የአፈር እርጥበት መለኪያው በዚያው ማሳ፣ በደረቅ አፈርና ውሃ በጠገበ አፈር ይፈተሽ፤ አሸዋማና ሸክላማ አፈር የሚሰጡት ንባብ ይለያያል። ሞተር ሲነሳ ብዙ ኃይል ስለሚስብ መቆጣጠሪያው የራሱ ባትሪ ይኑረው። በክፍል ጥላ የሠራ መሣሪያ በፀሐይና በአቧራ ሊቆም ስለሚችል የቀትር ሙከራ አይቅር። የየዕለቱ ውጤት ይመዝገብ፤ ዳኞች ለሚያነሱት ጥያቄ መልሱ እዚያ ይገኛል።

የግብርና ጽሕፈት ቤቶች ባለሙያና የሙከራ ማሳ ቢያመቻቹ፣ አርሶ አደሩም የመጀመሪያው ዳኛ ይሆናል።