ለመሰንጠቂያው ኩሽኔታ ገንዘብ ከመላክሽ በፊት

እህቴ፣ ወንድምሽ አገር ቤት ራሱ ለሚሠራው የግንድ መሰንጠቂያ «የኩሽኔታ ላኪልኝ» ካለሽ፣ መጀመሪያ ፎቶውን በዋትሳፕ አስልኪና ቁጥሩን እዪ። 6205 ከሆነ የመጨረሻዎቹን ሁለት አሃዞች በ5 አባዢ፤ የውስጥ ቀዳዳው 25 ሚሊ ሜትር ነው፤ የዘንጉም ውፍረት ያው መሆን አለበት።

ከቁጥሩ ቀጥሎ «2አርኤስ» ካለ በሁለቱም በኩል የጎማ ክዳን አለው። ሰጋቱራና ውሃ ለሚበዛበት ሥራ የሚሻለው ይኸኛው ነው። «ዜድዜድ» የሚለው የብረት ክዳን ብናኝ የሚያስገባ ክፍተት አለው።

ሲገዛ በጣቱ ያሽከርክረው፤ ከተንኳኳ ወይም ከተንገጫገጨ ይተወው። ዘንጉ ላይ ሲገጥመውም የውስጡን ቀለበት ይግፋ፤ የውጩን በመዶሻ ከመታ አዲሱም ይበላሻል።

ኩሽኔታው እየዞረ ሳለ ከተያዘ መጋዙ ሊበጠስ ይችላል፤ አጠገቡ የሚቆመው ወንድምሽ ነው። በላብሽ ያገኘሽው ገንዘብ እሱንም ይጠብቀው።