ቡናማ ክረምት፣ አረንጓዴ በጋ

አንድ የውሃ ማጠራቀሚያ፣ ሐይቅም ይሁን የግድብ ውሃ፣ ዓመቱን ሙሉ አንድ ዓይነት ውሃ አይዝም፤ ወቅት በተፈራረቀ ቁጥር ቀለሙ፣ ሙቀቱ፣ በውስጡ የሟሟው ኦክስጅንና በውስጡ የሚኖሩት ፍጥረታት አብረው ይለዋወጣሉ። ለሐረር ሕዝብ ይህ የሩቅ ጉዳይ አይደለም፤ ከከተማዋ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኘው የሐሮማያ ሐይቅ፣ በ1990ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ እስኪደርቅ ድረስ፣ ለአሥርተ ዓመታት ያጠጣት እርሱ ነበርና።

የለውጡ ዋና ተዋናዮች ፋይቶፕላንክተን ይባላሉ፤ እነዚህም በዓይን የማይለዩ፣ በውሃ ውስጥ ተንሳፍፈው እንደ ተክል ከፀሐይ ብርሃን ምግባቸውን የሚሠሩ ረቂቅ ፍጥረታት ናቸው። ለመራባት ብርሃንና ንጥረ ምግብ፣ በተለይም ፎስፈረስና ናይትሮጅን፣ ያስፈልጋቸዋል፤ ሆኖም ብርሃኑና ንጥረ ምግቡ በአንድ ወቅት እኩል አይገኙም።

በበልግና በክረምት ጎርፉ ከተራቆተ ተዳፋት አፈሩን፣ ከጫትና ከአትክልት ማሳ ደግሞ የማዳበሪያ ትራፊ ጠርጎ ወደ ማጠራቀሚያው ያስገባል። ንጥረ ምግቡ በዚህ ጊዜ ቢትረፈረፍም፣ ውሃው በደለል ስለሚደፈርስና ብርሃን ወደ ውስጥ ስለማይዘልቅ ፋይቶፕላንክተኑ እንደልቡ መራባት አይችልም። ዝናቡ ካባራ በኋላ ደለሉ እየዘቀጠ ውሃው ሲጠራ፣ ብርሃኑ ክረምት ካስቀመጠው ንጥረ ምግብ ጋር ይገናኛል፤ ስለዚህም የበጋው አረንጓዴነት የክረምቱ ጎርፍ ውጤት ነው ማለት ይቻላል።

ፀሐይ የውሃውን ገጽ ስታሞቀው ቀላሉ ሙቅ ውሃ ከላይ፣ ከባዱ ቀዝቃዛ ውሃ ከታች ተደራርበው ይቀመጣሉ። የታችኛው ንብርብር ኦክስጅን ሲያጣ በደለሉ ውስጥ ታስረው የቆዩ ፎስፈረስ፣ ብረትና ማንጋኒዝ ወደ ውሃው ይለቀቃሉ። ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ በደጋማው አካባቢ የሌሊቱ ቅዝቃዜ የላይኛውን ውሃ አክብዶ ወደ ታች ስለሚያወርደው ንብርብሩ ይፈርሳል፤ ኦክስጅን ያጣው ውሃ በድንገት ወደ ላይ ሲወጣም ዓሣዎች በብዛት ሊሞቱ ይችላሉ።

ውሃው ረግቶ በሚቆይበትና በሚሞቅበት ጊዜ ደግሞ ከፋይቶፕላንክተኑ መካከል ሰማያዊ አረንጓዴ አልጌ በመባል የሚታወቀው ሳያኖባክቴሪያ የበላይነቱን ይይዛል፤ ምክንያቱም ብዙዎቹ ዝርያዎቹ በሕዋሳቸው ውስጥ ባሉ ጥቃቅን የአየር ከረጢቶች አማካኝነት ብርሃን ወዳለበት የውሃ ገጽ መንሳፈፍ ይችላሉ። በአዋሽ ወንዝ ላይ ተገንብቶ በ1952 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የቆቃ ግድብ ሐይቅ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። በዚያ የሚበዛው ማይክሮሲስቲስ የተባለው ሳያኖባክቴሪያ ጉበትን የሚጎዳ ማይክሮሲስቲን የሚባል መርዝ ያመነጫል፤ የዓለም ጤና ድርጅት ለዘወትር መጠጥ በሚውል ውሃ ውስጥ ለዋናው የመርዙ ዓይነት ያስቀመጠው ወሰን በሊትር 1 ማይክሮግራም፣ ማለትም የአንድ ግራም አንድ ሚሊዮንኛ፣ ብቻ ነው።

ውሃ የሚያጣራ ተቋምም ከወቅቱ ጋር መለወጥ ይኖርበታል። በክረምት ድፍርሱን ለማዝቀጥ የአሉሚኒየም ሰልፌት መጠን ሲጨምር፣ በበጋ ግን የአልጌው ሕዋሳት ሳይፈነዱ ከነሙሉ አካላቸው ተጣርተው እንዲወጡ መጠንቀቅ አለበት፤ ክሎሪን አስቀድሞ ከተጨመረ ሕዋሱን አፍርሶ መርዙን ወደ ውሃው ሊለቀው ይችላልና።

ሐሮማያ በቅርብ ዓመታት እንደገና ውሃ መያዙ የሚያስደስት ቢሆንም፣ ተዳፋቱ በእርከንና በዛፍ ካልተሸፈነ፣ የውሃው ዳርቻም ከማዳበሪያ ካልተጠበቀ፣ ክረምት ደለሉን፣ በጋ አልጌውን ማምጣታቸው አይቀርም። በሐረር አካባቢ ባለው የሶፊ ወረዳም ሆነ በሌላ ቦታ የዝናብ ውሃ በኩሬ የሚያጠራቅም አባወራ አንድ ነገር ሊዘነጋ አይገባም፦ ማፍላት ጀርሞችን ይገድላል እንጂ የአልጌውን መርዝ አያጠፋም፤ ስለዚህ ገጹ አረንጓዴ ቀለም የፈሰሰበት የሚመስል ውሃ ለሰውም ለከብትም መቀዳት የለበትም።